ከሽንኩርት ለቃሚነት ወደ ድስት ጠባቂነት፦ ምግብ መራጭ የነበራችሁ እስቲ ኑ

ሽንኩርት_ለቃሚ

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ትናንት ማታ ግን እህቴ ደውላ «ልጁ ከፓስታና ከዳቦ ሌላ አፉ አይገባም፣ ምን ላድርገው?» ብላ ስታማርር አመሸችና የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ልጇ 5 ዓመቱ ነው። እኔ በሱ ዕድሜ ከሱ የባስኩ ነበርኩ፤ በ20 ዓመቴም ያው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። የምበላው ነገር በአንድ እጅ ጣት ያልቃል፦ ዳቦ በሻይ፣ ፓስታ በዘይት፣ ሽንኩርትም ቃሪያም ያልነካው እንቁላል፣ ድንች ቅቅል፣ እና ያልጓጎለ ሽሮ። ፍርፍር ከቀረበ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ትሪው ዳር ላይ እደረድረዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ «አጥሩ አለቀ? በሩን የት አደረግከው?» እያለ ያበግነኝ ነበር። ስሜን ያመጣሁት ከዚያ ነው።

ሰው ሁሉ ጣዕሙን የምጠላ ይመስለው ነበር። ጣዕሙ አልነበረም። ለስልሶ የመጣ ጉርሻ ውስጥ ድንገት ጥርሴ ሥር ኩርሽም የሚል ነገር ሲገኝ መላ ሰውነቴ ይሰቀጠጣል። ይህን ለማን ታስረዳለህ? «ሞልቃቃ» ተብሎ ይታለፋል።

አንድ ቀን የአባቴ የሥራ ባልደረባ ቤት መጥቶ «ና እኔ ላጉርስህ፣ ከእኔ እጅ እምቢ አይባልም» አለና ጎመን በሥጋ ጠቅልሎ አፌ ውስጥ ከተተው። ጉርሻ እንደምታውቁት አንዴ ከተዘረጋ መመለሻ የለውም። ዋጥኩ። የዋጥኩት ግን አልቆየም፤ በእንግዳው ነጭ ጋቢ ላይ ወጣ። እናቴ እስከ ዛሬ ይህን ታሪክ ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ15 ዓመት ጎመን አልቀመስኩም።

ዩኒቨርሲቲ 5 ዓመት በዳቦና በሙዝ አለፈ። ከዚያ ሥራ ሐዋሳ ወጣልኝ። እዚያ ነው ነገሩ የተገለበጠው፣ ያውም በብሽቀት። ምግብ ቤት ገብቼ «እንቁላል፣ ያለ ሽንኩርት» እላለሁ። አስተናጋጁ «እሺ» ይላል። እንቁላሉ ከነሽንኩርቱ ይመጣል። መልሼ እልካለሁ፤ ሽንኩርቱ ተለቅሞለት ያው እንቁላል ይመለሳል። አንድ ወር እንዲህ ከሆንኩ በኋላ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ መጥበሻና አንድ ድስት ገዛሁ።

በግቢያችን የሚኖሩ አንድ እናት ነበሩ። በየቀኑ እንቁላል ስጠብስ ያዩኛል። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። አልሳቁም። «ታዲያ ሽንኩርቱን ከጠላኸው አታሳየውማ» አሉኝ። ካሮት በሚፈቀፈቅበት ሽንኩርቱን ፈቅፍቀው፣ ያለ ዘይት ድስት ላይ አድርገው፣ እሳቱን ዝቅ አደረጉና ማማሰያውን እኔ እጅ ላይ አስይዘውኝ ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ውሃው እየመጠጠ፣ ቀለሙ እየዞረ፣ በመጨረሻ ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ወፍራም ጣፋጭ ነገር ብቻ። ከዚያ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስር። የዚያን ቀን በ25 ዓመቴ ምስር ወጥ በላሁ። ሁለት እንጀራ።

አሁን 32 ዓመቴ ነው። ደብተር አለኝ (መሐንዲስ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ)። 1 ኪሎ ሽንኩርት ድስት ገብቶ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 400 ግራም ገደማ እንደሚሆን መዝኜ ጽፌያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቼ ምሳ እኔ ቤት ነው። ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ገዝቼ ዓሣ ጉላሽ እሠራለሁ፣ የዓሣ ሾርባ እሠራለሁ፣ ተጋቢኖ በሸክላ እሠራለሁ። ጎመንም እበላለሁ። አዎ፣ ያንን ጎመን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳልናገረው ካለፍኩ ያመኛል። ልጅ እያለሁ የእናቴን አተር ክክ አልጫ የጠላሁት ፍሬው እንደ አሸዋ ስለሚሆንብኝ ነበር። ሐዋሳ ራሴ ስሠራው ቅቤ ሆነ። «እናቴን በለጥኳት» ብዬ ስኩራራ ከቆየሁ በኋላ ነው የገባኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ 94 ገደማ። በፈላ ውሃ እስከሠራህ ድረስ እሳቱን ብትጨምር ብትቀንስ ከዚያ አያልፍም። እናቴ ከተራራ ጋር ነበር የምትታገለው። ሽሮ ግን አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ተራራውም ብዙ አያግደውም፤ ለካ ሽሮን ብቻ የወደድኩት በምክንያት ኖሯል። ለእናቴ የግፊት ድስት ገዝቼ ላክሁላት፤ ክዳኑ ስለሚታሰር ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። «ይፈነዳል» ብላ 4 ወር ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

እናንተስ እንዴት ወጣችሁበት? ለእህቴስ ምን ልበላት?

ቡታጋዝ

በአጭሩ ሞልቃቃ ነበርክ ማለት ነው ሃሃሃ። እኛ ቤት 7 ልጅ በአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። አንተ ሽንኩርት ስትለቅም ሥጋው ያልቃል። ፈውሱ ይኸው፤ ለእህትህ 6 ልጅ ጨምሪ በላት።

ሽንኩርት_ለቃሚ

@ቡታጋዝ እሺ እነግራታለሁ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጋው ግን አንተ ነህ የምትከፍለኝ።

የሁለት_ልጆች_እናት

የእህትህ ኑሮ የእኔ ኑሮ ነው። የኔዋ 4 ዓመቷ ነው፤ እንጀራ «እርጥብ ነው» ብላ አትነካም፣ ድርቆሽ ግን ትበላለች። እናቴ «ሲርባት ትበላለች፣ ተያት» ትለኛለች፤ አማቴ አፏን ይዘው ያጎርሷታል። እኔ መሐል ቆሜ አለቅሳለሁ። ማስገደዱ ይሠራል ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ነጭ_ጋዎን

@የሁለት_ልጆች_እናት እህቴ፣ የምሠራው ሕፃናት ክፍል ስለሆነ ትንሽ ልበል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጆች አዲስ ምግብ ሲፈሩ የተለመደ ነው። ብዙው ያልፍለታል። አንድን አዲስ ምግብ ልጁ እስኪቀበለው 8፣ 10፣ አንዳንዴም 15 ጊዜ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እኛ ግን ሦስተኛው ላይ «ይሄን አይወድም» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። ትንሽ፣ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ከሚወደው ምግብ ጎን አስቀምጪ። ካልበላች ዝም ብለሽ አንሺ። በሌላ ቀን ድገሚ።

አፍ ይዞ ማጉረስን በተመለከተ ከላይ የተጻፈውን የጋቢ ታሪክ አንብቢና ለአማትሽ በትህትና አስነብቢያቸው። 15 ዓመት ጎመን አለመብላት ማለት እኮ ነው።

ሆኖም ሁሉም «ያልፍለታል» አይደለም። ክብደት ከቀነሰ ወይም ማደግ ካቆመ፣ ቀድሞ የሚበላውን ምግብ አንድ በአንድ እየተወ ከሄደ፣ ትን ይለኛል ብሎ መዋጥ ከፈራ፣ ሐኪም ይየው። እንዲህ ያለው ከባድ ምግብ መሸሽ አርፊድ የሚል ስም ተሰጥቶት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በፊት ስንቱ ልጅ «ሞልቃቃ» እየተባለ እንዳደገ አስቡት።

ድርቆሽ መብላቷ ደግሞ መልካም ዜና ነው። እንጀራውን አልጠላችም ማለት ነው፤ እርጥበቱን ነው። ምጣድ ላይ ትንሽ አድርቀሽ ስጫት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማድረቁን ቀንሺ።

የጓዳ_እመቤት

ልጄ ሽንኩርት ለቃሚ፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ደስ አለኝ፣ ግን ዝም ብዬ አላልፍህም።

አንደኛ፣ ያ ተፈቅፍቆ የተሠራው ለጀማሪ ደግ ነው፤ ለምስርም ይሆናል። ለዶሮ ግን አይሆንም። ሲፈቀፈቅ ውሃው ሁሉ ይወጣል፣ ቁሌቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ለዶሮ በቢላ፣ በመክተፊያ ላይ፣ እንደ ስንዴ ፍሬ አድርገህ ነው የምትከትፈው። ዓይንህ ያለቅስ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ጥሩ ዶሮ ከሆነ ሦስት ኪሎ። ሰው ሦስት ኪሎ ስለው «ለሠርግ ነው?» ይለኛል። አይደለም፣ ለአንድ ዶሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ደረቁን አቁላላው። ሲይዝብህ ዘይት አትጨምር፣ የሞቀ ውሃ በጭልፋ ጫፍ ጠብ አድርግበት። ሽንኩርቱ ሞቶ ሲያበቃ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው አትቸኩል፤ ወጥ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቅቤ። ዶሮዋን በሎሚና በጨው አጥበህ አጥበህ፣ ውሃው እስኪጠራ። መከለሻና ኮረሪማ ከእሳት ልታወርድ ስትል። እንቁላሉን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርገው፣ ወጡ እንዲገባበት።

ሦስተኛ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ግን ልጆቼን አምስቱንም ያስቦካሁት በ6 በ7 ዓመታቸው ነው። ለራት አልበቃም፣ እውነት ነው። ያቦኩትን ግን እምቢ ያለ ልጅ አላየሁም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_84

ለእትዬ ከነሙሉ አክብሮቴ፣ ከመክተፊያው ላይ ልከራከር ነው። እዚህ ሜሪላንድ በሁለት ሥራ መሐል 3 ኪሎ ሽንኩርት በእጅ የሚከትፍ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ ሐውልት ላሠራለት። በማሽን እፈጫለሁ፣ በወንፊት ውሃውን አጠልላለሁ፣ ሰፋ ባለ ድስት እሁድ ጠዋት 5 ኪሎውን አንዴ አቁላላለሁ። ከዚያ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ወጥ በ30 ደቂቃ።

@ሽንኩርት_ለቃሚ ስለ ጎመኑ ግን ራስህን አትውቀስ። በሙያዬ ላቦራቶሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የሚባል ኬሚስት ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ዱቄት ብን ብሎበት ጓደኛው «መረረኝ» ሲል እሱ ምንም አልቀመሰውም። በኋላ እንደታወቀው ነገሩ የዘር ነው፤ አንዳንዱ ሰው የተወሰነ ዓይነት ምሬት በጣም ጎልቶ ይሰማዋል፣ ሌላው አይሰማውም። ጎመንና ዘመዶቹ ውስጥ ያለው ምሬት ከዚያ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አንድ ትሪ ከበው ከሚበሉ አምስት ሰዎች ሁሉም ያው ጎመን አይደለም የሚበሉት። የኔ ዘዴ፦ ጨው ባለው ብዙ ውሃ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ፣ ጨምቄ እከትፈዋለሁ፣ ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት በዛ አድርጌ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ መጨረሻ ላይ። ልጆቼ ይበላሉ። ከውሃው ጋር ጥቂት ቫይታሚን ይሄዳል፣ ይሂድ፤ ያልተበላ ጎመን ቫይታሚኑ ለቆሻሻ መጣያው ነው።

የጓዳ_እመቤት

ፍሪዘር! እግዚኦ። የልጅ ልጄ ትስቃለች፣ እሷም እንደዚያው ነው አሉ የምታደርገው። እኔ ሳላውቅ ስበላ ኖሬያለሁ።

ኔታንያ_ነኝ

ሰላም ከእስራኤል። ስለ ቅቤው አንድ ነገር ላንሳ። እኛ ቤት ዶሮ ወጥ ውስጥ ቅቤ አይገባም። ሥጋና ወተት አንቀላቅልም፣ ቅቤ ደግሞ የወተት ነው፤ በዘይት ነው የምንሠራው። ስለዚህ ሽንኩርቱ ካልተቁላላ የሚሸሸግበት ቅቤ የለም፣ ወጡ ራቁቱን ይቀራል። እናቴ ሐሙስ ማታ ጀምራ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዶሮውንም የሰንበቱን ዳቦም ትጨርስ ነበር፣ በሰንበት እሳት አይነካምና።

እኔ ግን እዚህ ተወልጄ ትምህርት ቤት ልጆቹ «ምንድነው የሚሸተው?» ሲሉኝ አፍሬ 10 ዓመት ሙሉ የእናቴን ምግብ አልበላም ያልኩ ነኝ። ምግቡን ጠልቼ አልነበረም፤ የሰው ዓይን ፈርቼ ነው። ይሄም አንድ ዓይነት መራጭነት ነው። ወታደር ሆኜ ከቤት ርቄ ሳለሁ አንድ ማታ ያ ሽታ ናፈቀኝ። ፈቃድ ሲሰጠኝ ቤት ሄጄ «አሳዪኝ» አልኳት። እናቴ ልኬት የላትም፤ «ይሄን ያህል» ብላ መዳፏን ነው የምታሳየው። እጇ ላይ ያለውን እያራገፍኩ በሚዛን መዘንኩ፤ በጣም ተቆጣች። ወረቀቱ ግን አለኝ።

የሪያድ_እህታችሁ

እኔ መራጭነቴን በምርጫዬ አልተውኩም። ከወሎ ገጠር ስወጣ እንጀራ ካልበላሁ የበላሁ አይመስለኝም ነበር፣ ሩዝ የበሽተኛ ምግብ ነበር ለእኔ። ሪያድ ሰው ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው ወር ሩዝ ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። 6 ኪሎ ቀነስኩ።

ከዚያ የቤቱ አያት፣ አሮጊቷ፣ ካብሳ አስተማሩኝ። ሩዙን ግማሽ ሰዓት ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ዶሮው በሄል፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድ ይቀቀላል፣ ሩዙ የሚበስለው በዚያ መረቅ ነው። ውስጡ ጠቁሮ የደረቀ ሎሚ ይወጋና ይጣላል፤ ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ መረቁ ውስጥ ሲገባ ግን ጉድ ነው። ራሴ ከሠራሁት ቀን ጀምሮ መብላት ቻልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እጄ የገባበት ነገር አልፈራውም መሰለኝ።

የቤቱ ትንሽ ልጅ ከተጠበሰ ድንች በቀር አይበላም ነበር። እኔ ሩዝ ሳጥብ ውሃው መጫወቻ መስሎት ይመጣል፤ «እጠብልኝ» አልኩት። በየቀኑ ያጥባል። አንድ ቀን ሲቀርብ «ይሄ የእኔ ሩዝ ነው» ብሎ በላ። እናቱ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ዓርብ ማታ ግን ክፍሌ ውስጥ በትንሿ ምጣድ ለራሴ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ያንን ለማንም አልሰጥም።

ቡታጋዝ

@የሪያድ_እህታችሁ አይዞሽ እህቴ። ከላይ የቀለድኩትን ትቼዋለሁ።

ማማሰያ

ሁሉም ደስ ይላል። ግን አንድ ሰው ይሄን ማለት አለበት። ሽንኩርት ለቃሚ፣ እናትህ ለዓመታት ለአንተ ለብቻ ሽንኩርት የሌለው እንቁላል፣ ለቀረው ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ድስት ስትጥድ ኖራለች። ለሷ ማን ክር ከፈተላት? አንተ አንድ ምስር ወጥ ሠርተህ ደብተር፣ ሚዛን፣ የተራራ ከፍታ፣ ጭብጨባ። ወንድ ጓዳ ሲገባ ፈላስፋ ይሆናል፤ ሴት ስትገባ ራት ይሆናል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት ታውቀዋለህ አይደል? ቅር አይበልህ፣ ቅዳሜ ምሳ ከጠራኸኝ እመጣለሁ።

ሽንኩርት_ለቃሚ

@ማማሰያ ቅር አላለኝም። ዞር ብዬ ሳየው እውነት ነው፣ ሁለት ድስት ነበር የምትጥደው። ልጅ እያለሁ ያ ሁለተኛው ድስት ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ ነበር።

ሐዋሳ ምግብ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ደውዬላት «እማ፣ ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ትቀንሺዋለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ታማስይዋለሽ?» አልኳት። ረጅም ዝምታ። ከዚያ «ምን ሆንክብኝ? ታመህ ነው?» አለችኝ። ስለ ምግብ ጠይቄያት አላውቅማ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስቴ እንደዋወላለን፤ የምናወራው ግማሹ ስለ በሶብላና ስለ ኮሰረት ነው። አባቴ «እናትና ልጅ ቅመማ ቅመም ንግድ ጀመራችሁ?» ይለናል።

@ሲልቨር_ስፕሪንግ_84 የጎመኑን ውሃ መድፋት እኔም የደረስኩበት በዚያው መንገድ ነው። ኬሚስቱን አላውቀውም ነበር፤ ለአባቴ ባልደረባ ብነግረው ደስ ይለኛል።

@የጓዳ_እመቤት እትዬ፣ ለፋሲካ ቤት እሄዳለሁ። ዶሮውን እኔ ልሥራ ብዬ እናቴን ለምኛለሁ። በእጅ ነው የምከትፈው፣ ቃሌን እሰጣለሁ።

የጓዳ_እመቤት

እግዜር ይርዳህ። ቢላህን አስስል።

የሁለት_ልጆች_እናት

ዛሬ ምጣድ ላይ ደረቅ አድርጌ ሰጠኋት። ግማሽ እንጀራ በላች! በምንም አይደለም፣ ባዶውን። ግን በላች። @ነጭ_ጋዎን እግዜር ይስጥሽ ወይም ይስጥህ።

ነጭ_ጋዎን

ይስጥህ ነው። ደስ ይላል። ነገ እምቢ ብትል እንዳትደነግጪ።

ሽንኩርት_ለቃሚ

ከፋሲካ ተመለስኩ። ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት በመክተፊያ፣ በእጄ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እናቴ ጓዳ እንዳትገባ ተስማምተን ነበር። ሳሎን ሆና «አሁን ሽታው ተቀይሯል፣ አማስለው!» እያለች ትጮሃለች። ግድግዳ ተሻግራ በአፍንጫዋ ነው ድስቱን የምትጠብቀው። ብልት ማውጣቱ ግን አዋረደኝ። 12 መሆን የነበረበት እኔ ጋ 13 ሆነ። አሥራ ሦስተኛው ምን እንደሆነ አባቴም አላወቀውም። እናቴ መጥታ ሁለቱን አጥንቶች አጋጥማ አየችና «ይሄ ፈረሰኛው ነበር» ብላ ወጣች። ለአባቴ ግማሽ ፈረሰኛ ነው የደረሰው።

ያልጠበቅኩት ችግር ጨው ነበር። 55ኛው ቀን ላይ ነን፣ ጾም ነው፣ መቅመስ የለም። በደብተሬ ውስጥ «ቀምሰህ አስተካክል» የሚል መስመር አለ፣ ለካ ዋጋ የለውም። እናቴን ጠራኋት። ጭልፋውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ትንሽ ይቀረዋል» አለች፣ በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች። ልክ ነበር። ይህን በምን ሚዛን እንደምመዝነው አላውቅም።

የእህቴን ልጅ እንቁላል ልጣጭ ላይ መደብኩት። ሦስቱን አቆሰላቸው፣ አንዱን በላው፣ ስምንቱን ደህና አድርጎ ላጠ። በነጋታው ወጡ ሲቀርብ «የእኔን እንቁላል» አለ። እንቁላሉ ላይ ያለውን ወጥ በእንጀራ ጠርጎ ጠርጎ እንቁላሉን ነጭ አድርጎ በላው። ወጡን አልነካም። እንጀራው ግን ወጥ ነክቶታል፣ እንጀራውንም በልቶታል። እህቴ ጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠችኝ፣ ዝም በል ለማለት።

እናቴ ዝም ብላ ትበላ ነበር። «እንዴት ነው?» አላልኳትም፣ ፈርቼ። ሦስተኛ ጉርሻዋ ላይ ቆም አለች። ከአፏ አንዲት ትንሽ ነገር አወጣች፤ ያልሞተች ሽንኩርት፣ እንደ ስንዴ ፍሬ የምታህል። ወደ እኔ እያየች ትሪው ዳር ላይ አስቀመጠቻት። ወንድሜ ሲስቅ ትን አለው።

ማማሰያ

እናትህን ወደድኳቸው።

የጓዳ_እመቤት

እሳቱ በዝቶ ነው። ሽንኩርቱም አንሷል፣ ሦስት ኪሎ ብዬህ ነበር።

ሽንኩርት_ለቃሚ

እሷም ሦስት ነው ያለችው እትዬ።